ተመልካች ቁጥር ሦስት

ይድረስ ለልጄ፤ እግርሽ የረገጠው ሁሉ ይለምልምልሽ፣ ክፉ አይይሽ። እኛ ደህና ነን። የሚያፈሰው ጣሪያ ተጠገነ። አባትሽ ግን ጉልበቱን እያመመው ሐኪም ቤት ሂድ ብለው አሻፈረኝ ብሏል፤ እስቲ ደውለሽ ተቆጪልኝ።

ሰው ስለ ተከታታይ ድራማ ጽፎ ዶክተር ይሆናል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። "ቴሌቪዥኑን ዝጊና አጥኚ" እያልኩ ስጨቀጭቅሽ ለካ እያጠናሽ ኖሯል! ባለፈው መጥተሽ ደብተር ይዘሽ ከጎኔ ስትቀመጪም ናፍቄሽ መስሎኝ ነበር።

የላክሽውን የመመረቂያ ጽሑፍ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ አነበበችልኝ። "ተመልካች ቁጥር ሦስት ካውያዋን እንደያዘች፣ የድራማውን ሙሽራ ሐዘን የራሷ አድርጋ ታለቅሳለች" የሚለው ጋ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝና "አንቺ ነሽ እንዴ?" ብላ በሳቅ ፈረሰች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ።

ልጄ፣ ዕውቀትሽን ያብዛልሽ፤ ካሰብሽበት ያድርስሽ። መጽሐፍ ሆኖ ሲታተም ግን ያችን መስመር አርሚልኝ። ያን ቀን ድራማውን ልብ ብዬም አላየሁት። በማግስቱ ለብሰሽው ተመልሰሽ የምትሄጂውን ሸሚዝ ነበር የምተኩሰው።

እናትሽ