ስለ ተራ ቁጥር አራት

ይድረስ ለሐጂ አብዱልሀሚድ፣

የወንድሜ የወርቅአገኘሁ አርባ ነገ ስለሆነ ወደ አንኮበር ሄጃለሁ። እርስዎ «የይለፍ ቅጹን ልሙላልዎ» ሲሉኝ እምቢ ብዬ፣ እርስዎኑ ዋስ አድርጌ በገዛ እጄ ሞልቼዋለሁ።

የቀበሌያችን መስኮት ሁለት፣ በመስኮት አንድ የጻፍሁትን አያውቅም። ጸሐፊዋ «አባባ፣ ተራ ቁጥሩን እያዩ እዚህኛው ቅጽ ላይ ይገልብጡት» አለችኝ፤ ገለበጥሁ። ለካ በመጀመሪያው ቅጽ ሦስተኛው ሟች፣ አራተኛው ዋስ ነው፤ በሁለተኛው ግን ሦስተኛው ዋስ፣ አራተኛው ሟች ነው።

ስለዚህ እርስዎ ሞተዋል።

ላሳርም ብመለስ «ማኅተም ካረፈበት በኋላ ሰው ይነሣል እንዴ? ሐጂ ራሳቸው ቀርበው ለዓርቡ ኮሚቴ ያመልክቱ!» ብላ ሳቀችብኝ። ዓርብን ከጠበቅሁ አርባው ያልፋል።

እስክመለስ ኅብረት ሱቅ አይሂዱ፤ የስኳር ድርሻዎን ተቀብዬ ቆርቆሮው ውስጥ አድርጌዋለሁ።
ለቅሶ ደራሽ ከመጣ በሩን ራስዎ አይክፈቱ።

ማኅተሙ ሳያርፍ ቅጹን ላሳይዎ ይገባ ነበር። ይህን ተቀምጠን እንነጋገርበታለን።

ለመመለሴ ዋስ ሆኖ የተጻፈው ወንድሜ ነው። በሕይወት ሳለ አንድም ቀን በቃሌ አላመነኝም ነበርና፣ ቅዳሜ ሳይመሽ እመለሳለሁ።

ዘርአ ዳዊት