አርባ ሰባቱ ሰዎችህ ኢንሹራንስ ገቡ

አባዬ፣

ከተለያየን አንድ ዓመት ከአራት ወር አለፈ። እንዴት ነህ ብዬ ብጠይቅ መልስ አላገኝም፤ ደህና ነኝ ብል ደግሞ ስዋሽ ሁልጊዜ ታውቅብኝ ስለነበር ይቅር። በቀጥታ ወደ ወሬው ልግባ። ትናንሽ ሰዎችህ ኢንሹራንስ ገቡ። ቆጥ ላይ በኮምፔንሳቶ የሠራሃት ትንሿ ሸማ ተራ፣ ከነሱቆቿ፣ ከነነጋዴዎቿ፣ ከነተሸካሚዎቿ ዛሬ ውል አላት። ይህን ስትሰማ ፊትህ ምን እንደሚመስል ባየሁ ደስ ባለኝ።

በሕይወት ሳለህ የኢንሹራንስ ነገር ሲነሳ ትስቅ ነበር። ገና ላልተቃጠለ ዕቃ ከማላውቀው ሰው ጋር ምን አፈራረመኝ ትል ነበር፤ ከሳቁ ሥር ደግሞ ሐራም እንዳይሆን ትፈራ ነበር። አሁን ተካፉል የሚባል መጥቷል። ከወለድ ነፃ ነው፤ አባላቱ ያዋጣሉ፣ ከመካከላቸው ጉዳት የደረሰበት ካለ በዚያው መዋጮ ይቋቋማል። እማ ሲያስረዷት አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰምታ ሰምታ፣ ይኼማ እድር ነው፣ ድንኳን ጎደለው እንጂ አለች። በዚሁ ተስማማን። አንተ ብትኖር ትስማማ ነበር? የምጠይቅህ ከልቤ ነው፤ አስቤ አስቤ አልደረስኩበትም።

ቤት ውስጥ የተለወጠው ብዙ አይደለም። እማ ጉልበቷ ስላስቸገራት መሰላል መውጣት ትታለች፤ ሥር ሆና ግን ቆጥ ላይ የሚወራውን ሁሉ ትሰማለች። ያንተ መስገጃ ላይ አሁን የምሰግደው እኔ ነኝ። አዎ፣ ከሐዋሳ ተመልሻለሁ፤ እዚሁ አብነት ሰፈር አንድ ፋርማሲ ውስጥ ተቀጥሬያለሁ። ሳትለምነኝ መጣሁልህ፣ አንተ ከሄድክ በኋላ ሆነ እንጂ።

የኢንሹራንሱ ነገር የመጣው እንዲህ ነው። ሱቃችንና ቆጡ ያሉበት መስመር ይፈርሳል ከተባለ ቆየ። ወንድሜ ጀማል ዕቃውን ጥቂት በጥቂት ወደ አዲሱ ሱቅ እያሻገረ ነው። ነጠላና ጋቢ ተጠቅልሎ ይሄዳል፤ ያንተ ከተማ ግን እንዴት ይጠቀለላል? ይህን ስንማከር የአንድ ባህል አዳራሽ ሰዎች ወሬውን ሰምተው መጡ፣ ቆጡ ላይ ወጥተው አዩ፣ ለሁለት ወር ለሕዝብ እናሳየው አሉ። ያስቀመጡት ግዴታ አንድ ነው፤ በጉዞ ቢሰበር፣ ቢቃጠል፣ ቢሰረቅ ኋላ ጭቅጭቅ እንዳይኖር ኢንሹራንስ ይግባ። ቅጹን መሙላት እኔ ላይ ወደቀ። አንቺ ፋርማሲስት ነሽ፣ ደቃቅ ጽሑፍ ትችይበታለሽ አለኝ ወንድሜ፣ ሸክሙን ለማቅለል።

እውነቱን ልንገርህ፣ እሺ ያልኩት ለአዳራሹም ለኢንሹራንሱም ብዬ አይደለም። ቅጹ ሰዎችህን አንድ በአንድ መመዝገብ ይጠይቃል፣ እኔ ደግሞ የምፈልገው ሰው ነበረኝ። ሐዘን የተቀመጥን ሰሞን፣ የለቀስተኛው እግር ቀነስ ሲል ቆጥ ላይ ወጥቼ ራሴን ፈልጌ ነበር። እማን አገኘኋት፣ ከሱቁ ጓዳ የጋቢ ጫፍ ስትቋጭ። ጀማልን አገኘሁት፣ ጋቢ ሲያጥፍ፣ እንደ ልማዱ አንዱን ጫፍ አስረዝሞ። አንተም አለህ፣ ባንኮኒው ጋ ጎንበስ ብለህ። እኔ የለሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲከነክነኝ የኖረው ጥያቄ ይሄው ነው፦ አስወጥተኸኝ ነው ወይ?

ለምን እንደምጠይቅህ ታውቃለህ። ሱቁን ከጀማል ጋር እንድይዝልህ ትፈልግ ነበር፤ እኔ ሐዋሳ ሥራ አገኘሁና ሄድኩ። ዓመት ከመንፈቅ ደህንነቴን የምትሰማው ከእማ ነበር፣ እኔም ያንተን ከእሷ። በኋላ አንድ ቀን ሳትነግረኝ መጥተህ በሬን አንኳኳህ። ምሳ በላን፣ ሐይቁን አየን፣ ስለ ዓሣ ስናወራ ዋልን። ይቅርታ የሚል ቃል ከሁለታችንም አፍ አልወጣም። እኔ ታርቀናል ብዬ ነበር። ራሴን ከሰዎችህ መሐል ሳጣው ግን፣ የታረቅኩት እኔ ብቻ እሆን እንዴ ብዬ ጠረጠርኩ።

የቅጹ የመጀመሪያ ጥያቄ ከምን ተሠራ የሚል ነው። ቀላል ይመስላል። ሽቦ፣ ክር፣ የሸማ ቁርጥራጭ ብዬ ጻፍኩና ጭንቅላታቸው ጋ ስደርስ ቆምኩ። በረመዳን ያፈጠርንበትን ተምር የውስጡን ፍሬ አንድም ሳታስጥል ትሰበስባለህ፣ እኔ አጥቤ ቆርቆሮ ላይ አሰጣዋለሁ፣ አንተ በምላጭ እየጠረብክ ታለዝበዋለህ። እያንዳንዱ ጭንቅላት ከአንድ ቀን ጾማችን የተረፈ ነው። ይህ ቅጹ ላይ የቱ ጋ ይጻፋል? የተምር ፍሬ ብዬ አለፍኩት።

ዓይንና አፍ ለምን አትሠራላቸውም ብዬ የጠየቅኩህ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ቅርጹን እኔ እሞክራለሁ፣ ፊት መስጠት ግን የአላህ ሥራ ነው አልከኝ። ሁለተኛ አልጠየቅኩህም። አሁን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ፊት ሳይኖራቸው ሁሉንም እንዴት አመጣሃቸው? ደንበኛ ሱቅ ሲገባ ፊቱን ትተህ አረማመዱን የምታየው ለዚህ ነበር? እኔ እኮ የሚከፍለውንና የማይከፍለውን የምትለይ ይመስለኝ ነበር።

ከኢንሹራንሱ የተላከው ገማች ዳዊት የሚባል ወጣት ነው። ጫማውን አውልቆ መሰላሉን ወጣ፣ ባትሪውንና ማጉያ መነጽሩን አወጣና ሥራ ጀመረ። ከውሉ በፊት የነበረ ጉዳት ሁሉ ይመዘገባል፤ በኋላ አዲስ ነው ተብሎ ካሳ እንዳይጠየቅበት። እሱ ያያል፣ ይጽፋል፤ እኔ የየሱቁን ስም እነግረዋለሁ። ሲጨርስ ወረቀቱን ተቀብዬ ሳነብ እያንዳንዱ ሰው አጠገብ አንድ ዓይነት ነገር ተጽፏል። ተራ ቁጥር አንድ፣ ፊቱ ተፍቋል። ተራ ቁጥር ሁለት፣ ፊቷ ተፍቋል። አርባ ሰባት ጊዜ። አቧራና እርጅና የበላው መስሎት ነው፣ ልጁ አይፈረድበትም።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ቆይቶ ነገሩ ሲገባኝ ሳቁ ተወኝ። በዚህ አያያዝ ከተማህ በሙሉ የተበላሸ ዕቃ ተብሎ ሊመዘገብ ነው፤ እንዲያ ከሆነ አዳራሹም አይረከበውም፣ ቢቃጠልም እንደ ቁርጥራጭ ነው የሚታሰበው። ዱሮም የተሠሩት እንዲህ ሆነው ነው ብዬ ባስረዳው፣ «እህቴ፣ እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው። እንዲህ መሠራታቸውን የሚያውቅ ሰው ካለሽ አምጪና ልስማው» አለኝ። ነገሩ እውነቱን ነው።

በማግስቱ የተራውን ሰው ጠራሁልህ። መጀመሪያ የመጡት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እትዬ ሮማን ናቸው። መሰላሉ ሲንቋቋ እመቤቴን እየጠሩ ወጡ። ገና ጎንበስ ከማለታቸው ጣታቸውን ቀስረው «ይኼው እኔ» አሉ። ዳዊት በምን አወቁ ቢላቸው፣ ነጠላቸው መርፌው ውስጥ እንዳይገባ ሁልጊዜ በግራ ትከሻቸው አዙረው እንደሚቋጥሩት አሳዩት። ትንሿም እንደዚያው ቋጥራለች። «ወገቤን ግን አስፍቶታል፣ ነፍሱን ይማረውና» ብለው አኮረፉህ። ሲወርዱ ደግሞ ሁለቴ ዞረው አይዋት።

ቀጥለው ጋሽ ከድር መጡ። ሸክሙን ትተው አሁን ዘበኛ ናቸው። ተሸካሚዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ጉልበቱን ወደ ውጭ ገፋ አድርጎ የቆመውን ሰውዬ ሳይነኩ እያመለከቱ «ይቺ የግራ ጉልበቴ ናት» አሉ። ወቀሳም ነበራቸው። በደህናው ጊዜያቸው ሦስት እስር ይሸከሙ ነበር፣ አንተ ያሸከምካቸው ሁለት ነው። ትንሽ አሰቡና «አዝኖልኝ ቀንሶልኝ ይሆናል» አሉ፤ ወዲያው መሐረብ ከኪሳቸው ፈለጉ።

እስከ ምሳ ሰዓት አሥራ ዘጠኝ ሰው ራሱን አገኘ። አንድም የተምታታ የለም፣ ይኼኛው የኔ ነው ያንተ ነው ብሎ የተከራከረም የለም። አንዱ እንዲያውም የሞተ ወንድሙን አግኝቶ፣ ቆይ አትንኩብኝ ብሎ ብቻውን ጥቂት ተቀመጠ። ዳዊት አርባ ሰባቱንም ሰረዘና «ያለ ፊት የተሠሩ፤ ጉዳት የለባቸውም» ብሎ እንደ አዲስ ጻፈ። ኮራሁብህ፣ አባዬ። ከኩራቱ ጋር ግን ከፋኝ። ይህን ሁሉ ሰው ይህን ያህል አብጠርጥረህ አይተህ እኔ ብቻ እንዴት አመለጥኩህ?

የቅጹ የመጨረሻ ጥያቄ ከስብስቡ የጎደለ ነገር አለ ወይ የሚል ነው። ሰዎችህ ከእግራቸው ሥር በወጣች ሽቦ ኮምፔንሳቶው ላይ ተሰክተው አይደል የሚቆሙት፤ ዳዊት ቀዳዳዎቹን በማጉያው መቁጠር ጀመረ። ሰው አርባ ሰባት፣ ቀዳዳ አርባ ስምንት። ባዶዋ የኛው ሱቅ ደጃፍ ላይ ናት፣ ከአንተ አንድ እርምጃ ፈንጠር ብላ። እሱ «አንዱ ወድቆ ጠፍቷል» ብሎ ሊጽፍ ብዕሩን አነሳ። እኔ ቀዳዳዋን በጣቴ ነካኋት። ስለዚህ ነበርኩ ማለት ነው፣ ነቅለህ አውጥተኸኛል ማለት ነው። ከመጀመሪያው ባልሠራኸኝ ይሻለኝ ነበር አልኩ በልቤ።

እማ ከመሰላሉ ሥር ሆና ስትሰማ ኖሯል። የጠፋ የለም አለች። ድምጿ ገበያ ሄጄ መጣሁ እንደምትልበት ድምፅ ነው። እሷ እንደነገረችኝ ያቺ ቀዳዳ የኔ የልጅህ ናት፤ ከሁሉም በፊት የበሳሃት እሷን ነበር። ደብተሬን ታቅፌ አንድ እግሬ ላይ የምቆመውን አቋቋም ትሠራዋለህ፣ ቀሚሴን ታለብሳታለህ፣ ሻሼን ታስርላታለህ፣ ጭንቅላቷን ትሰካና ወደ ብርሃኑ አንስተህ ታያታለህ። ከዚያ ይቺ የሌላ ሰው ልጅ ናት ትልና መልሰህ ትፈታታለህ። ሐዋሳ ከሄድኩ በኋላም ሞክረሃል። በተኮራረፍንበት በዚያ ዓመት ተኩል ውስጥ ደግሞ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ሞክረሃል። ስንት ጊዜ እንደሆነ እማ አልያዘችውም። በመጨረሻ ለእሷ ያልካት ይህን ነው፦ «ሁሉም ያለ ፊት መጡልኝ፣ እሷ ግን ያለ ፊቷ አትመጣልኝም። ፊት ደግሞ መሥራት አልችልም።» ቀዳዳዋን ግን እንዳትደፍኑ ብለህ አደራ ሰጥተሃታል።

ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ሳትነግሪኝ ስላት፣ መቼ ጠየቅሽኝ አለችኝ። እናቴን ታውቃታለህ።

እዚያው ቆጥ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በቀብርህ ቀን እንዲህ አላለቀስኩም። ዳዊት የሚገባበት አጥቶ ማጉያውን ሲወለውል ቆየና፣ ስረጋጋ ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ አለኝ። የጎደለ የለም በል አልኩት፤ አንድ ቀዳዳ ባዶ ናት፣ የተተወችው ታስቦበት ነው፣ እንዳትደፈን። በዝግታ ጻፈው። ለባዶ ቀዳዳ ካሳ እንደማይከፈል እንዳውቀው ነገረኝ፣ እንዳይከፋኝ በተጠነቀቀ አነጋገር። አውቃለሁ አልኩት። እማም እኔም ፈረምን።

ሐሙስ ሰዎችህ ከቆጥ ይወርዳሉ። እትዬ ሮማን ለመጠቅለያ የሚሆን ጥጥ ሰብስበዋል፣ ጋሽ ከድር ሌላ ሰው አይሸከመውም ብለው ምለዋል፤ ጉልበታቸውን ብንጠቅስም አልሰሙንም። ጀማል የመኪናውን ሹፌር ሦስት ጊዜ ቀስ ብለህ ንዳ ብሎታል፣ መኪናው ገና ሳይመጣ።

ትናንት ባንኮኒው ጋ ጎንበስ ብሎ የቆመውን አንተን ብዙ አየሁት። ተራው ሁሉ አንተ መሆንህን በጀርባህ ያውቃል፤ እኔም በጀርባህ ላስታውስህ ብዬ ሞከርኩ። አልሆነልኝም። ዓይኔን ስጨፍን የምትመጣው በፊትህ ነው። ስግደት ያጠቆረው ግንባርህ፣ መነጽሩ አፍንጫህ ላይ የተወው ምልክት፣ ከግራው ቅንድብህ ረዝማ የወጣች አንዲት ሽበት፣ ሳቅ ሲመጣብህ መጀመሪያ የሚንቀጠቀጠው የከንፈርህ ጫፍ። ፎቶህን ግድግዳ ላይ አልሰቀልንም፣ አትወድም ነበር። ስለዚህ ፊትህ ያለው እኛ ዘንድ ብቻ ነው። ከዱዓ በኋላ እጆቼን ፊቴ ላይ ሳሳርፍ በየቀኑ ያንተን ላስታውስ ቃል ገብቻለሁ፣ አንዲቷንም ሽበት ሳልተው። አንተም ያለ ፊትህ አትመጣልኝም።

ልጅህ ሐያት