የላላው ቺንጋ

ለሰሚር አባት፣

መቃብሩ በር ላይ ስደርስ ለሁላችሁም የሚባለውን ሰላምታ ብዬ እመለሳለሁ፤ ይሄኛው ግን ላንተ ብቻ ነው። ከተለየኸን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ የጅሬንን ዳገት እምቢ ስላለኝ ዘመድ ጥየቃውን ቀነስኩ። ወሬውን ግን አልቀነስኩም፣ ታውቀኛለህ።

ቤቱ እንደነበረ ነው ብልህ እዋሻለሁ። ጓሮ ሸራ ለብሶ የከረመውን ቶርኖህን፣ ያንን የብረት መቅረጫ ማሽን፣ ልጅህ ቀሰቀሰው። ዝገቱን በናፍጣ አጥቦ፣ ዘይት አጠጥቶ አስነሳው። መጀመሪያ ደስ አለኝ። አንተ ብረት ስትቀርጽ ያ የቆዳ ቺንጋ ከሞተሩ ወደ ቶርኖው እየዞረ ጠፍ ጠፍ ሲል ከማጀት እሰማው ነበርና፣ ያንን ድምፅ መልሼ ልሰማ ነው ብዬ ጓጓሁ። ድምፅ ግን የለም። ማሽኑ ጭጭ ብሎ ይሽከረከራል። ለምን እንደሆነ ባላውቅም ልቤ ፈራ።

ስጠይቀው ለካ ቺንጋውን ቆርጦ አሳጥሮታል፤ እንዳይንሸራተትም ሙጫ ቀብቶታል። አባዬ ሰነፍ ቺንጋ ነበረው ብሎ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ያንተ ቺንጋ ጠንከር ያለ ብረት በመጣ ቁጥር ወልቆ መሬት ላይ ይዘረጋ የለ? አንተም ሳትቆጣ፣ ጎንበስ ብለህ ትመልሰው ነበር። ለምን አታጠብቀውም ብዬ ስነዘንዝህ ፈገግ ብለህ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ። ሱሪህም አለ። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ቤቱ ሲገባ ሽርጡን አገልድሞ ሲዝናና፣ አንተ ከሳሎን ጓሮ ለመሄድ ሱሪ ትታጠቃለህ። ሙሽራው ወዴት ነው እያልኩ ስንቴ ሳቅሁብህ። ሰሚር ግን ጓሮ በሽርጡ ነው የሚገባው።

ደግሞ አባዜ ያዘው። እኩዮቹ ሚስት ይፈልጋሉ፣ ያንተው ልጅ አጋሮና ሊሙ እየዞረ ቡና በሚፈለፈልበት በየመቀሸሪያው አሮጌ በቺንጋ የሚሠራ ማሽን ይፈልጋል። ጓሮውን እንደ ድሮ ወርክሾፕ አደርገዋለሁ ይላል። በመጨረሻ አንተ ቶርኖውን የገዛህበት የሸቤው መቀሸሪያ ውስጥ አንድ ትራፓኖ፣ የብረት መብሻ ማሽን፣ መቅረቱን ሰማ። ያኔ አብሬህ ሳልሄድ ስለቀረሁ፣ አሁንስ ልየው ብዬ ተከተልኩት።

መቀሸሪያው ከቆመ ቆይቷል። ጣሪያው ስር ማሽኖቹን ያዞር የነበረው ረጅም ብረት ከነመዘውሮቹ ተንጠልጥሏል፤ ቺንጋዎቹ ግን አንድ ሳይቀር ተፈትተዋል። ሽማግሌው ዘበኛ አንተን አልረሳህም። መሞትህን ስነግረው ኢናሊላሂ ብሎ መሬት መሬት አየ። ሰሚር ውስጥ ገብቶ ትራፓኖውን ሲለካ፣ ዘበኛው ጠጋ ብሎ ልጁ በቶርኖው ይሠራ እንደሆነ ጠየቀኝ። ይሠራል አልኩት። ቀጥሎ የጠየቀኝ ሱሪ ይለብስ እንደሆነ ነው።

ሱሪው ምን አገባው አልኩት።

ካንተ በፊት በዚያው ቶርኖ ይሠራ የነበረ ሰው ነበር አለኝ። የቡና ወቅት ነው፣ መቀሸሪያው ተሰብሮ ባለ ቡናዎቹ ተሰልፈዋል። ሰውየው ከጁምዓ እንደተመለሰ ልብስ ሳይቀይር፣ በሽርጡ ቶርኖው ላይ ቆመ። ቺንጋውም እንዳይንሸራተት ሙጫ ተቀብቶ ነበር። ቶርኖው የሽርጡን ጫፍ ሲይዝ ቺንጋው አልወለቀም፣ ሰውየውን ጎትቶ ወሰደው። ዘበኛው ሞተሩን ለማጥፋት ሮጧል፤ አልደረሰም። ይህን ሁሉ ላንተም ሳይደብቅ ነግሮህ ነበር። አንተም ማሽኑን ዞረህ ዞረህ አይተህ፣ ቺንጋውን አላላዋለሁ፣ በሽርጥም አልቀርበውም ብለህ ገዛኸው። «አዴ፣ አልነገሩዎትም እንዴ?» አለኝ።

አልነገርከኝም። ተቆጣሁህ፤ በሙት መቆጣት ነውር ቢሆንም ተቆጣሁህ። ሰው የበላ ብረት ጓሮዬ አስገብተህ፣ እኔ ሙሽራው እያልኩ ስስቅብህ ዝም አልክ። ብትነግረኝ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ፣ ማሽኑንም እንደማስወጣው ገብቶህ ነው። ልክ ነበርክ፣ አስወጣው ነበር።

ሚኒባስ ውስጥ ለሰሚር ሁሉንም ነገርኩት። እጠነቀቃለሁ አለኝ። ያ ሰውዬም ሚስቱን እጠነቀቃለሁ ሳይላት አይቀርም።

ጁምዓ ለት እሱ መስጊድ ሲሄድ የብሎን መፍቻ ቁልፍህን ይዤ ጓሮ ገባሁ። ሙጫውን በናፍጣ ጠረግሁ። አንተ ስታደርግ ሳይህ እንደኖርኩት የሞተሩን ብሎን ፈትቼ፣ ቺንጋው እንዲላላ ሞተሩን ወደ ቶርኖው ገፍቼ መልሼ አሰርኩ። ከዚያ ዙህር ልሰግድ ገባሁ።

ሰላት ላይ እያለሁ ማሽኑ ሲነሳ ሰማሁ። ጠፍ ጠፍ፣ ያው ያንተ ድምፅ። ሰሚር ከጁምዓ እንደመጣ፣ ልብሱን ሳይቀይር መግባቱን አላወቅሁም። እቃ የሚጠብቅ ደንበኛ ነበረበት። እኔ በድምፁ ተጽናንቼ ግንባሬን መሬት ደፋሁ። ቀና ሳልል ድምፁ ጠፋ።

ሰላቴን አቋርጬ ሮጥኩ። ቺንጋው ወልቆ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ሽርጡ ተቀዶ ቶርኖው ላይ ተጠምጥሟል። ልጅህ በቁምጣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ጭኑ ላይ ትንሽ ተልጧል እንጂ ሌላ የነካው የለም፣ አልሐምዱሊላህ። ቤት ገባና ሳጥንህን ከፈተ። ሲወጣ ሱሪህን ታጥቆ ነበር። አጥሮታል፣ ቁርጭምጭሚቱ ይታያል።

ትራፓኖው ቅዳሜ ከሸቤ ይመጣል። ተው ብለው አይሰማኝም፤ ያንተው ልጅ ነው። ስለ ትራፓኖው ዘበኛውን መጠየቅ ነበረብኝ፤ ሌላ ነገር እንዳይነግረኝ ፈርቼ ሳልጠይቅ መጣሁ። የዚያንም ቺንጋ የማላላው እኔ ነኝ፤ ቁልፍህ አሁን ከትራሴ ስር ነው የሚያድረው።

አልረሳህም። ማጀት ቁጭ ብዬ ያንን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ዱዓ አደርግልሃለሁ። ድምፁ ሲጠፋ ግን ዱዓውን አቋርጬ እሮጣለሁ፣ አትቀየመኝ።

የሰሚር እናት