ወይን ጠጅ የለበሰው ኬክ

ደብረ ማርቆስ፣ ጥር

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ከርመሃል? እህሉ ይስማማሃል? የምታድርበት ቤት ይሞቃል? እኛ ጉልበቴ ከመቆርጠሙ በቀር ደኅና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን። ሐምሌ ላይ በሮብ ገበያ በኩል ወደ ሥራህ ከሄድክ ወዲህ ድምፅህን አልሰማንም፤ ስልክህም አይጠራም። አድራሻ የሌለው ደብዳቤ ደብዳቤ አይባልም እያልኩ ስንቱን ተማሪ አቁሜ ገሥጫለሁ። ዛሬ ደንቡን ራሴ አፈረስኩት።

የምጽፍልህ ስለ ልጅህ ልደት ነው። ሂዊ ስድስት ዓመት ሞላት። ሚስትህ እስከዳር እንደምታውቀው ኬክ በትእዛዝ ትሠራለችና፣ ያንቺስ ምን ይምሰል ብትላት፣ የአባዬን ሹራብ አለቻት። እኔ የሠራሁልህን፣ ለብሰኸው የሄድከውን ማለቷ ነው። እስከዳር ጓዳ ገብታ ቆየች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር፤ እኔም ያላየሁ መስዬ መነጽሬን ወለወልኩ።

ከዚያ ክርክር ተነሣ። ሂዊ ቀይ ነው አለች። እስከዳር የለም፣ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይሄዳል አለች። ዓመት እንኳ ሳይሞላ! ተቆጣሁ። ክሩን የገዛሁት እኔ፣ ያጠነጠንኩት እኔ፣ ሁለቴ ፈትቼ እንደገና የሠራሁት እኔ፤ ወይን ጠጅ ነው፣ ሌላ አልሰማም አልኩ። እማማ፣ ፈተና ሲያርሙም እንዲህ ነበሩ ይባላል አለችኝ እስከዳር። ይባላል አይደለም፣ ነበርኩ አልኳት።

ኬኩን የሚያለብሱትን የስኳር ሊጥ ፎንዳንት ይሉታል። ነጭ ስለሆነ ብዙ ቀለም ይበላል። እስከዳር መጀመሪያ ውሃ ውሃ የሚለውን የምግብ ቀለም ጨመረችበት። ሊጡ ላቆጠና እጇ ላይ ተጣበቀ፤ ቀለሙም ከሮዝ አላለፈም። ይህ ለክርስትና ድግስ ይሆናል አልኳት። ደግሞ አዲስ ሊጥ አነሣችና፣ ከጓደኛዋ ያስላከችውን እንደ ቅባት ወፈር ያለ ቀለም በስንጥር ጫፍ እየነካች አሸችው። ሮዙ ቀይ ሆነ። ቀዩ ላይ ሰማያዊ ጠብ አድርጋ፣ ጥቂት ካካዎ ነሰነሰችበት። እኔ ከወንበሬ ሆኜ ገና ነው፣ ገና ነው እላለሁ። ክንዴ ዛለ እኮ እማማ አለች። አባቴ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ሲያስተምር፣ ቀለም ሲያድር ነው የሚገባ ይል ነበር አልኳት። እሳቸው ስለ ትምህርት እንጂ ስለ ኬክ መቼ ተናገሩ ብላ ሳቀች። ከሐምሌ ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው።

ሊጡን በላስቲክ ጠቅልለን አሳደርነው። ጠዋት ስንገልጠው ማንም ሳይነካው ጠቁሮ፣ ጠልቆ አገኘነው። ልጄ፣ ደነገጥኩ። ያንተ ሹራብ ነበር። እስከዳር በሹራብ ቅርፅ የቆረጠችውን ኬክ አለበሰችው። ሊጡ እንዳይጣበቅ የነሰነሰችውን የበቆሎ ዱቄት ብናኝ በማንቆርቆሪያ እንፋሎት ስታስለቅቀው ደግሞ፣ ዝናብ መትቶህ ከደጅ እንደገባህ ሆኖ አብረቀረቀ። ትከሻውን ልዳስስ ምንም አልቀረኝም።

አቶ እንዳላማው የሚባሉ ገበሬ የመጡት በዚያው ቀን ነው። ከሮብ ገበያ ወዲያ ነው አገራቸው። ሐምሌ ላይ ሰው የጠፋበት ቤት እየጠየቁ ሲመጡ፣ መናኸሪያ ላይ ወደ እኛ መሯቸው። እስከዳር ሻማ ልትገዛ ወጥታ ነበር። ወንዛችን ሞልቶ አንድ ሰው ጥሎ ነበር፤ ፊቱ አይለይም፤ ፍትሐት አድርሰን ከቤተ ክርስቲያናችን ቀብረነዋል፤ ምልክቱ የለበሰው ሹራብ ብቻ ነው አሉኝ። ቀለሙ ምን ነበር አልኳቸው። እኔ ቀለም አልቆጠርኩ እመይቴ፣ ምን ብዬ ልጥራው ብለው ዙሪያውን ቃኙ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሲያዩ ጋቢያቸውን ከራሳቸው አወረዱ። ይህን ነው፣ ልክ ይህን አሉ።

አረምኳቸው። የልጄ ሹራብ ቀይ ነው፣ ተሳስተዋል አልኳቸው። ሂዊ ከጎኔ ሆና፣ እማማ ወይን ጠጅ ነው ብለሽ ተቆጥተሽን አልነበር ብትለኝ፣ ትልቅ ሰው ሲናገር አይገባም አልኳት።

ሻማው በራ፣ ተዘፈነ፣ ኬኩ ተቆረሰ። ቀለሙ ስለበዛ ልብሱ መሮ ነበር፤ ሂዊ እየላጠች ውስጡን በላች። እኔ ድርሻዬን ምንም ሳላስቀር በላሁ። ለእስከዳር አልነገርኳትም። አሁንም በር ሲንኳኳ ቀድማ የምትነሣው እሷ ናት። ይህን መነሣቷን በምን አንጀቴ ልቀማት?

ሰውየው እስከዳር ሳትመለስ ሊሄዱ ሲሉ፣ ካህናቱ ስሙን ስለማያውቁ፣ በጸሎት፣ ጌታ ሆይ አንተ የምታውቀው እያሉ እንደሚያነሡት ነገሩኝ። ይህ ሥርዓት አይደለም። ሰው በስሙ ይጠራል። ስለዚህ እስከ ደጅ ሸኘኋቸውና፣ ሂዊ እንዳትሰማ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ፣ የክርስትና ስምህን ነገርኳቸው። ጸሎት ለመንገደኛም ይሆናል ብዬ ነው፤ ሌላ አታስብ።

የዲማው ጊዮርጊስ ከጎንህ አይለይ። ክረምቱም፣ ጨለማውም አይድረስብህ። ያለህበት ይቅለልህ፣ ልጄ።

እናትህ