የሦስት ሌሊቱ የደሴ ጉዞ አርባኛ ቀኑን ስለመያዙ

ለክቡር የከተሞች ጉዞ ማበረታቻ ክፍል ኃላፊ
ደሴ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ሰዓት እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ገበታ ዙሪያ፣ በሙሉ ጤና ተሰብስባችሁ እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። ከሁሉ ነገር አስቀድሜ በአንድ ጣሪያ ሥር መሆንን ለምን እንደተመኘሁልዎ ከታች ያለውን ሲያነቡ ይረዱኛል ብዬ አምናለሁ።

ስሜ ምሥጋናው አረጋ ይባላል። በላሊበላ ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ወይዘሮ ውባንቺ እዚሁ ባለ አንድ ሆቴል ሃያ ሁለት ዓመት የእንግዳ አልጋ ስታነጥፍና አንሶላ ስታጥብ ኖራለች። እኔ የዓለምን ከተሞች በጠመኔ ስስል፣ እሷ ከየከተሞቹ የመጡትን ሰዎች ትራስ ስታራግፍ፣ ሁለታችን አብረን ከይምርሐነ ክርስቶስና ከገነተ ማርያም አልፈን ሳንሄድ አረጀን። ይህንን የምነግርዎ እንዲያዝኑልን ሳይሆን፣ ክፍልዎ ያሳተመው «ከወቅት ውጪ ይጓዙ፣ በአነስተኛ ወጪ ይደሰቱ» የተሰኘ በራሪ ወረቀት ምን ዓይነት ቤት ውስጥ እንደገባ እንዲያውቁት ነው። ስለዚህ ቅሬታ ማቅረብ ነውር መስሎ ስለታየኝ፣ ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ምርጫው ስፋት

ወረቀትዎ ለጸደይ ወራት የሚስማሙ፣ ዋጋቸውም የማይጎዳ አራት ከተሞችን ስለዘረዘረልን እናመሰግናለን። በሽፋኑ ላይ አደይ አበባ መታተሙን አይቻለሁ። አደይ የመስከረም አበባ እንጂ የሚያዝያ አለመሆኑን ለስምንተኛ ክፍል ልጆች ሳስተምር ኖሬአለሁና፣ ይህን በአራሚነት ልማዴ ነው የማነሳው፣ ይቅር ይበሉኝ።

ውባንቺ ወረቀቱን ከሆቴሉ ስትመለስ ጠረጴዛ ላይ አገኘችው። ፊደል የቆጠረችው በማታ ትምህርት ስለሆነ ከላይ እስከ ታች ድምፅ እያሰማች አነበበችው። ከዚያ በኋላ ምርጫ ጀመርን። ባሕር ዳርን አየን፣ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በዚያ ሰሞን ተዘግቶ ነበር። ጎንደርንም አየን፣ እሱም በዚያው በተዘጋው መንገድ ጫፍ ላይ ሆኖ አገኘነው። ሐዋሳ በአውሮፕላን ካልሆነ አይሞከርም፣ የአውሮፕላኑ ዋጋ ደግሞ ከወረቀትዎ ርዕስ ጋር ተጣልቷል። ስለዚህ ከአራት ከተሞች ደሴን መረጥን ማለቱ ይከብደኛል፣ ደሴ ተረፈችልን ቢባል ይሻላል።

«ደሴ አልጋ አለ?» አለችኝ ውባንቺ።

«ከተማ አይደለም እንዴ? እንዴት አልጋ አይኖርም!»

«እንግዲያው ይበቃኛል። ሌላ ሰው ባነጠፈው አልጋ ላይ አንድ ቀን ልተኛ። በመንገድ ላይ የሐይቅን ውኃ ካየሁማ ምርቃት ነው።»

ክቡር ሆይ፣ ከእኔ ጋር በኖረችበት ዘመን ሁሉ ለራሷ ነገር ስትጠይቅ የሰማኋት ያን ዕለት ብቻ ነው። ከሆቴሉ የአራት ቀን ፈቃድ ወሰደች፤ ሚያዝያ ሃያ አራት ቀን ጠዋት በሚኒባስ ተነሳን።

2ኛ. ስለ መንገዱ ምቾት

ወረቀትዎ «ጉዞው ራሱ የደስታው አካል ነው» ይላል። ይህ እውነት መሆኑን ጋሸና ላይ ለሦስት ቀን በተረጋጋ ሁኔታ ለማጤን ችለናል። ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ በጸጥታ ምክንያት ለጊዜው ተዘግቷል ተባልን። መቼ ይከፈታል ስንል ነገ አሉን። በማግስቱም እንደዚያው አሉን። ያረፍንበት ቤት አንድ ክፍል ብቻ ስለነበረው ከመርሳ ብርቱካን ጭና መጥታ ከታገደች ነሲባ ከምትባል ነጋዴ ጋር ተካፈልነው። ነሲባ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ብርቱካኗ በጆንያ ውስጥ ሲበሰብስ እያየች ጤነኛ ጤነኛውን እየመረጠች ለመንገደኛው ታድል ነበር። ውባንቺም ሥራ ፈትታ መቀመጥ አትችልምና በሁለተኛው ቀን የቤቱን አንሶላ ሁሉ አውጥታ አጠበች። እኔ ተቆጣሁ። «ለማረፍ አይደል የወጣሽው?» ብላት፣ «በዚህ ላይ ተኝቼ ነው የማርፈው?» ብላ ዘጋችኝ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት መንገዱ እስከ እኩለ ቀን ብቻ ይከፈታል ተባለ። የሚኒባሳችን ሹፌር ፈርቶ አልነቃነቅ አለ። ብርቱካኑን ጭኖ ያመጣላት የነሲባ ወንድም ሐምዳን ግን አይሱዙውን አስነሳ። ከፊት ለሦስት ሰው ብቻ የሚሆን ቦታ ነበረው፣ ከኋላ ሰው መጫን ደግሞ ተከልክሏል። ነሲባ መጥታ፣ «ጋሼ፣ አንድ ቦታ አለች። እትዬ ውባንቺ ከእኔ ጋር ትሂድ፣ እርስዎ ከኋላ ባለው መኪና ይደርሱባታል፣ ኢንሻአላህ» አለችኝ።

ውባንቺ እምቢ አለች። ነጠላዋን እያጣፋች፣ «ወይ አብረን እንሂድ፣ ወይ አብረን እንመለስ» አለች። ትክክል ነበረች። ቢሆንም ያን የጠየቀችኝን አልጋ አሰብኩና፣ «ሂጂ፣ ማታ ደሴ እንገናኛለን» አልኳት። በሕይወቴ ለብዙ ተማሪዎች የተሳሳተ መልስ አርሜአለሁ፤ ያን ቀን የሰጠሁትን ግን የሚያርምልኝ አላገኘሁም። መኪናው ኩርባውን ሲታጠፍ እጇን በመስኮት አውጥታ ነበር። ሌላ መኪና ሳይመጣ እኩለ ቀን ሆነ፣ መንገዱም ተዘጋ። ሁለት ቀን ጠብቄ ወደ ላሊበላ ተመለስኩ፣ በዚያ በኩል ማንም አልከለከለኝም።

3ኛ. ስለ ደሴ

በዚህ ላይ የማቀርበው ምስጋና ምንም ቅመም የለበትም። ደሴ እንደጻፋችሁት ሆና ቆየቻት። የአልጋው ዋጋ ልክ በወረቀቱ ላይ ያለው ነበር። ሐይቅን ከመኪና ወርዳ አየችው፣ ነሲባ መርሳን አልፋ እስከ ደሴ ስታደርሳት አስቁማላት። «ትልቅ ነው፣ ግን ዝም ይላል» አለችኝ በስልክ። አልጋውስ እንዴት ነበር ስላት ሳቀች። «ተኛሁበት። ሲነጋ ልጅቷ ሳትመጣ ራሴ አነጠፍኩት። እጄ እምቢ አለኝ እኮ!»

ሁለት ቀን አድራ ለመመለስ ስትነሳ መንገዱ እንደተዘጋ ነው። ብቻዋን ሆቴል ከምትቀመጥ ብላ ነሲባ መርሳ ወደሚገኘው ቤቷ ወሰደቻት። በየቀኑ ትደውልልኝ ነበር። የነሲባን አማት በርበሬ መቀንጠስ እንዳስተማረቻቸው፣ ሙቀቱ እንደከበዳት፣ ትንኙ እንደማያስተኛት ታወራኝ ነበር። እኔም፣ ደጋና ቆላን ሠላሳ አንድ ዓመት በቀለም ለይቼ ያስተማርኩ ሰው፣ ትንኝ ስትለኝ ሰምቼ አጎበር እንኳን ግዢ አላልኳትም።

በግንቦት አጋማሽ ስልኳ ዝም አለ። ስደውል ነሲባ እያነሳች፣ «እትዬ ተኝታለች፣ ጋሼ» ትለኛለች። በሁለተኛው ቀንም ተኝታለች አለችኝ። በሦስተኛው ቀን፣ «ነሲባ ልጄ፣ ሰው ሦስት ቀን አይተኛም፣ እውነቱን ንገሪኝ» አልኳት።

ያኔ ነገረችኝ። «ወባ ነው የያዛት። ጤና ጣቢያ ወስደናት መድኃኒት ተሰጥቷታል። ዛሬ ነው ሰው የለየችው። ከዚያ ሆነው ምን ያደርጋሉ፣ ይጨነቃሉ ብዬ ነው የደበቅሁት፣ አፉ በሉኝ።»

ክቡር ሆይ፣ አፉ የምላት እኔ ማን ነኝ? የሰው ሚስት በጀርባዋ አዝላ ጤና ጣቢያ ያደረሰች እሷ ናት። እኔ እዚህ በላሊበላ አውቶቡስ ተራ እየተመላለስኩ ነገ የሚባለውን ቀን ስጠብቅ ነበር። ሰው ግንብ ቢያጥሩበት ይቆፍራል፤ ነገ ይከፈታል ሲሉት ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እንዲህ ሆኜ ነው የታሰርኩት።

4ኛ. ስለ መስተንግዶአችሁ

በወረቀቱ ጀርባ ላይ ባለው ስልክ ደውዬ ነበር። የክፍልዎ ሠራተኛ በጣም ትሁት ነች። ታሪኩን ሁሉ እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ከዚያ በኋላ፣ «አባቴ፣ የደወሉት ለመሄድ ነው ወይስ ለመመለስ?» አለችኝ።

«ባለቤቴን ለማምጣት ነው» አልኳት።

«እሱማ መመለስ ነው። የእኛ ክፍል መሄድን ብቻ ነው የሚያበረታታው።»

ለዚህ ግልጽነት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከዚያ ስልክ በኋላ ማንንም መጠበቅ ተውኩ። በገነተ ማርያም የሚያርስ ደግሰው የሚባል የቀድሞ ተማሪዬ በቅሎውን ሰጠኝ። «መምህር፣ በሙጃ በኩል ካቆራረጡ በአራት ቀን ወልድያ ይገባሉ። ዝናቡ ሳይበረታ ይውጡ እንጂ» አለኝ። በፈተና ስንት ጊዜ የጣልኩት ልጅ ነው፤ ላሊበላን ከቆላው የሚያገናኘውን መንገድ ግን ከእኔ አሳምሮ ያውቀዋል። ነገ ጠዋት እኔና በቅሎው እንነሳለን።

ለውባንቺ ስነግራት ተቆጣች። «ያንን ጉልበትህን ይዘህ የት ልትደርስ? እኔው ሲሻለኝ እመጣለሁ፣ ተቀመጥ!» አለችኝ። አልቀመጥም አልኳት። «እንግዲያው ጋቢዬን ያዝልኝ» አለች።

በሰኔ፣ በመርሳ ሙቀት ጋቢ የሚያስፈልገው ሰው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ለእርስዎ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

በመጨረሻ፣ ለአንባቢ ካላችሁ ክብር የተነሳ በሚቀጥለው ዓመት ወረቀት ላይ ከየከተማው ስም ጎን፣ ከአልጋውና ከምሳው ዋጋ ቀጥሎ፣ ሰው ወደ ቤቱ የሚመለስበትን ቀንም እንድታትሙ በትሕትና እጠይቃለሁ። ቀኑ ካልታወቀ ባዶ ይተውልን፣ ራሳችን በእርሳስ እንሞላዋለን።

ክፍልዎ ባዘጋጀው የአራት ቀን ጉዞ ላይ ዛሬ አርባኛ ቀኑን የያዘ፣ በዋጋው ቅናሽ እጅግ የረካ፣ ለክብርዎ ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሳ (ከዚያ በታች ጉልበቱ ስለማይፈቅድለት)፣

ምሥጋናው አረጋ
ሰኔ 3 ቀን፣ ላሊበላ

ማስታወሻ፦ የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ሕዝብ እንዲያነበው በከተማችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ዋናውን ግን ፖስታ የሚያደርስ መኪና ስለሌለ እኔው በደረት ኪሴ ይዤዋለሁ። ስለዚህ ክቡርነትዎ ይህን እያነበቡ ከሆነ፣ ቀና ቢሉ ባልና ሚስቱን በርዎ ላይ ቆመን ያገኙናል። ስለ መንገዱ ማብራሪያ አይድከሙ፣ ለእሷ ወንበር ብቻ ያስጠጉላት።