ሶፍቱ ላይ ያለው ጠብታ

ሰኞ

አልገባም። ሦስት ጊዜ ለካሁት፣ አልገባም። የውሃ ማቀዝቀዣው ራዲያተር ከኮምፒውተሩ ሳጥን በሁለት ጣት ይበልጣል። ትንሽ ሳጥን የመረጥኩት በጀርባ ቦርሳ ይዤው ታክሲ እንድገባ ነበር። ከቱሉ ዲምቱ መሀል ከተማ ድረስ ትልቅ ሳጥን ታቅፎ የሚሄድን ሰው የትኛው ረዳት ያሳፍረዋል? አሁን ትንሽነቱ ራሱ ጠላቴ ሆነ።

ቅዳሜ መሀል ከተማ የጌም ውድድር አለ። ባለፈው፣ መጨረሻው ዙር ላይ፣ ማሽኔ ግሎ ድርግም አለ። አራቱ ጓደኞቼ ያለ እኔ ተጫውተው ተሸነፉ። የቡድናችን አለቃ ሳሚ አልጮኸብኝም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ከደገመህ ሌላ ሰው እናስገባለን» ብቻ አለኝ። በውሃ ላቀዘቅዘው የተነሳሁት ለዚህ ነው። ዩኒቨርሲቲውን አራተኛ ዓመት ላይ ትቼ ከመጣሁ ወዲህ፣ በዚህ ሰዓት ና ብሎ የሚጠብቀኝ ሰው ቢኖር እነዚህ አራቱ ናቸው። እነሱንም ካጣሁ ምን እንደምሆን አላውቅም።

ማክሰኞ

ብረት ቤት ወሰድኩት። በርና መስኮት የሚሠሩት ጋሽ ታደሰ አገላብጠው አዩትና «የምን ምድጃ ነው?» አሉኝ። ሳቁብኝ፤ ግን የላይኛውን ክዳን ቆረጡልኝ። ጠርዙ ሸካራ ነው፣ አውራ ጣቴን ቆረጠኝ። ራዲያተሩ ግን ገባ!

ውሃውም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የቧንቧ ውሃ ቆይቶ ዕቃውን ይበላዋል። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ሄጄ የተጣራ የባትሪ ውሃ ጠየቅሁ፣ አሲድ የሌለበት። «መኪናህ ምንድን ነው?» አለኝ ባለሱቁ። «ኮምፒውተር» ስለው ጠርሙሱን መልሶ መደርደሪያው ላይ ሊያስቀምጠው ነበር።

የቀረኝ፦ ቱቦ መቁረጥ። መጋጠሚያዎቹን ማጥበቅ። ውሃ መሙላት። ሌሊቱን ፓምፑን ብቻ አስነስቶ ማፍሰስ አለማፍሰሱን ማየት። መጸለይ (እሱን እማዬ ትሥራው)።

ረቡዕ

እርጥብ ነው።

ማታ ዕቃዎቹ ላይ ሁሉ ሶፍት አንጥፌ፣ ፓምፑን አስነስቼ ነበር የተኛሁት። ጠዋት ስነሳ ሶፍቱ ላይ አምስት ስድስት ጠብታ። እማዬ ሄዳለች፤ የፋብሪካው ሰርቪስ ገና ጎህ ሳይቀድ ነው ወደ ቂሊንጦ የሚወስዳት። ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሁሉንም ፈታሁ። የመጋጠሚያዎቹን ጎማ ቀየርኩ። መልሼ ገጠምኩ። ትታልኝ የሄደችው ምሳ እንደተከደነ ነው።

ሐሙስ

ደግሞ እርጥብ። የሚያናድደው፣ ጠብታው መጋጠሚያዎቹ ሥር አይደለም፤ ቱቦ በማያልፍበት ጥግ ነው። ውሃ ዘሎ አይሄድ! እንደገና ፈታሁ፣ እንደገና ገጠምኩ። እጄ የማይረባ ነው። ከጀመርኩት ነገር አንዱንም ጨርሼ አላውቅም።

ሳሚ ደወለ፣ አላነሳሁም። «ትመጣለህ?» ብሎ ጻፈ። «እመጣለሁ» አልኩት። ዋሸሁ መሰለኝ።

እማዬ ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። «ልጄ፣ ውሃና መብራት ምን አገናኛቸው? ይቅርብህ።» «አንቺ አይገባሽም!» ብዬ ጮህኩባት። ጫማዋን አውልቃ፣ ያበጠ እግሯን ማሸት ጀመረች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የማናግራት። አፈርኩ። ሄጄ ይቅርታ ግን አልጠየቅኳትም።

ዓርብ

ደረስኩበት።

ዛሬ የእማዬ ፈረቃ ተቀይሮ ከሰዓት ነበር የምትገባው። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ፣ ማሽኑ አጠገብ ቆማለች። መዳፏ ላይ እያፈሰሰች ትረጨዋለች። «ልጄን ልቀቀው» ትላለች፣ ማሽኑን።

«እማዬ!»

ጠርሙሱን ከኋላዋ ደበቀች።

«ውሃና መብራት አይገናኙም ያልሽው አንቺ አይደለሽ?»

«ይሄ ውሃ ነው እንዴ? ጸበል ነው!»

ሁለት ቀን ሙሉ ስፈታና ስገጥም! ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ቀደመችኝ። «ትምህርቱን ትተህ የመጣህ ጊዜ ጸበል እንሂድ ብልህ በር ዘጋህብኝ። አንተን ልርጭህ ብል ትቆጣለህ። ፊትህን አዙረህ የምትውለው ወደዚህ ነው። ታዲያ የት ልርጨው?»

ለካ ቱቦዎቼ አንድም ቀን አላፈሰሱም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

እሷ ሥራ ከገባች በኋላ አደራርቄ ሙሉውን አስነሳሁት። ከባዱን ጌም ከፍቼ ሦስት ሰዓት ተውኩት። አልጋለም፣ አልጠፋም። ለማን ልንገር? ምሳዬን በላሁ።

ቅዳሜ

ታክሲ ውስጥ ነኝ። ቃሊቲ ላይ መንገዱ ተዘጋግቷል፤ ቦርሳው ጉልበቴ ላይ ነው።

ልወጣ ስል እማዬ በሩ ጋ ቆማ ነበር፣ ባዶ እጇን። ቦርሳውን አየችው እንጂ አልነካችውም። ሄጄ የጸበሉን ጠርሙስ ከቁም ሳጥኑ አናት አወረድኩና ሰጠኋት። «እሱን ተይው፤ እኔን ርጪኝ» ብዬ ጎንበስ አልኩ። ምንም አልመጣም። ቀና ልል ስል ቀዝቃዛው ውሃ ማጅራቴ ላይ ወረደ። አላለቀስኩም ብል ውሸት ነው።

ታክሲው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ቱቦው የተነቀለ ይመስለኛል። የቦርሳውን ሥር ደጋግሜ እዳብሳለሁ። እስካሁን ደረቅ ነው። የሸሚዜ ኮሌታ ግን ገና አልደረቀም።