በሁለት ፎቅ መሃል የቆመው ሊፍት

የማልጠግብሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይስ ድምፅሽ አሁንም እንደተዘጋ ነው? ልጅሽስ ፈተናዋን ጨረሰች? እዚሁ አጠገብሽ እየኖርኩ ደብዳቤ መጻፌ ሳያስቅሽ አይቀርም። ፊትሽን እያየሁ የምናገረው ነገር ስላልሆነ ነው። እባክሽ ተቀምጠሽ አንብቢልኝ።

የተጋባንበትን ሃያኛ ዓመት ለማክበር ቅዳሜና እሑድን ከከተማ ወጣ ብለን እንደነበር ታውቂያለሽ። «ሂጂ፣ ሰውዬሽ ትንሽ ይሳቅ» ብለሽ ሻንጣ ያዋስሽኝም አንቺ ነሽ። ቦታው ድሮ የአንድ ሀብታም መኖሪያ የነበረ፣ ዛፍ የከበበው ትልቅ ቤት ነው፤ አሁን ሆቴል አድርገውታል። ወለሉ ሲረግጡት ይንቋቋል። መጋረጃው ከጣሪያ እስከ መሬት ይወርዳል፤ እኔማ የልብስ ሰፊ ነገር ሆኖብኝ ጠርዙን ገልብጬ አየሁት፣ በእጅ የተሰፋ ነው።

ክፍላችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። እንግዳ ተቀባይዋ ሊፍቱን ስታሳየን ባሌ ሻንጣዎቹን ተሸክሞ በደረጃው ወጣ። ባልሽ ከሞተበት ከዚያ የሊፍት አደጋ ወዲህ ሊፍት ውስጥ ገብቶ አያውቅም። የሊፍት ጥገናውን ትቶ መጋዘን ሲገባ፣ «የባሌ ሐዘን ነው የጎዳው፣ እንደ ወንድም ነበሩ» ትይኝ ነበር። እኔም አዎ እልሽ ነበር።

ቅዳሜ ምሳ እየበላን ሳለ ሊፍቱ በሁለት ፎቅ መሃል ቆመ። ውስጡ አንዲት በዕድሜ የገፉ እንግዳ ነበሩ። በሩን ሲደበድቡ እኛ ያለንበት ድረስ ይሰማል። ሥራ አስኪያጁ፣ ባለሙያ ከከተማ እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል እያለ ላብ በላብ ሆነ። ባሌ ሹካውን እንደያዘ ሳህኑ ላይ አፍጥጦ ቀረ። ቆይቶ ሴትዮዋ መደብደባቸውን ተዉት። ዝም ሲሉ ባሰብኝ። ተነሣሁና ለሥራ አስኪያጁ፣ ባለቤቴ የሊፍት ባለሙያ ነው አልኩት። ያን ጊዜ ባሌ ቀና ብሎ ያየኝን አስተያየት ለጠላቴም አልመኘው።

ግን ሄደ። ሞተሩ ያለበት ክፍል ጣሪያው ሥር ነው፤ ተከትዬው ወጣሁ። ኃይሉን አጠፋና ሥራ አስኪያጁን ማብሪያው ፊት አቆመው። «ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል። ድምፄን ብትሰማ እንኳ፣ መጥቼ ፊቴን ሳታይ እንዳትነካው» አለው። ሦስት ጊዜ አስደገመው፤ ሰውዬውም እንደ ተማሪ ደገመለት። ከዚያ ወርዶ በሩን ከፈተና ሴትዮዋን አቅፎ አወረዳቸው። እጁን ይዘው ሲመርቁት እጁን ነጥቋቸው ሄደ።

አትክልቱ ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘሁት። ሳልጠይቀው ጀመረ። አደጋው በደረሰበት ቀን ያንቺው ከታች ሊፍቱ ሥር ጉድጓዱ ውስጥ፣ የእኔው ከላይ ማብሪያው ጋ ነበሩ። «ደረጃው ላይ ሳቅ ሰማሁ። የእሱ ሳቅ መሰለኝ፤ ወጥቷል ብዬ አበራሁት» አለኝ። የሳቀው ሌላ ሰው ነበር።

እህቴ፣ ባልሽ ምንም አልረሳም። ኃይሉን አጥፍቶ፣ «ሠራተኛ ውስጥ አለ፣ አትንኩ» የሚለውን ቀይ የማስጠንቀቂያ ካርድ ማብሪያው ላይ ሰቅሎ ነው የወረደው። «ሳያጠፋ ገባ» የሚለው የአደጋው ምርመራ ወረቀት ሐሰት ነው፤ ባሌ ምስክር ነኝ ብሎ ፈርሞበታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰዉ «በገዛ ጥፋቱ ነው» ሲልሽ፣ ልጅሽ ተሳዳቢ ሲገጥማት እያለቀሰች ስትመጣ፣ አንቺም ጭምር «ምን ነበር ትንሽ ቢጠነቀቅ» ብለሽ ሟቹን ስትወቅሺው እንሰማ ነበር። እኔ ቤት ቁጭ ብለሽ ነበር እኮ የምትወቅሺው።

ሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤቱ ሄዶ እውነቱን ይናገራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ እቀበላለሁ ብሏል። መጀመሪያ አንቺ ፊት ሊቆም ፈልጎ ነበር፤ አስቀድሜ እኔ ልጻፍላት ብዬ ያዝኩት። ማረኝ በይልኝ አላለኝም፤ እኔም አልልሽም።

ያን ጊዜ የማስጠንቀቂያ ካርዱ የት ገባ ተብሎ ሲፈለግ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ፖስታው ውስጥ አለልሽ። ውሃ ነክቶት ቀለሙ ለቋል፣ ጽሑፉ ግን ይነበባል። ባሌ አንሥቶ የት እንዳደረገው ዛሬም አያስታውስም። የዚያን ሳምንት ቱታውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ከኪሱ አግኝቼ የአዝራር ማስቀመጫ ጣሳዬ ውስጥ ከትቼው ነበር፤ ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኩትም።

ልጅሽን ያሳድግልሽ፣ በአባቷ አንገቷን ቀና አድርጋ የምትሄድበትን ቀን ያሳይሽ። ለአንቺም ቀን ከሌት የማይጎድል ብርታት ይስጥሽ። መልስ አልጠብቅም። መንገድ ላይ ስታዪኝ ፊትሽን ብታዞሪም አይከፋኝም።

ጎረቤትሽ